«እሺ» ማለት «ወድጄዋለሁ» ማለት አይደለም፦ አውራ ጣት ይበቃል ላሉት ጸሐፊ የተሰጠ ምላሽ

ሰሞኑን አንድ የሥራ ባልደረባዬ የላከልኝን ጽሑፍ ሁለት ጊዜ ደጋግሜ አነበብኩት። የሚያወራው ከሰው ጋር እየተነጋገሩ ዕቃ፣ ፊልም ወይም ምግብ ቤት ስለሚጠቁሙ የኮምፒውተር ሥርዓቶች ነው። ቦቱ፣ ማለትም እንዲህ ያለው ሥርዓት፣ ምን እንደምትፈልግ ይጠይቃል፣ አንተ ትነግረዋለህ፣ እሱ አንድ ሁለት አማራጭ ያቀርባል፣ አንተ ደግሞ ስለቀረበልህ ነገር አንድ ነገር ትላለህ። ይህ የመጨረሻው፣ ማለትም ግብረ መልሱ፣ በምን መንገድ ይሰብሰብ የሚለው ነው የጽሑፉ ጥያቄ።

የጸሐፊው አቋም ባጭሩ ይህ ነው። ሰው ከሚናገረው ይልቅ የሚያደርገው ይታመን፤ መናገር ካስፈለገም ወደ ላይና ወደ ታች የሚያሳይ አውራ ጣት ይበቃል፤ ጥያቄ ማብዛት ደንበኛን ያሸሻል፤ ቻትጂፒቲን የመሰሉ ሥርዓቶች የሚሠሩባቸው ትልልቆቹ የቋንቋ ሞዴሎች ስለመጡ የድሮዎቹ ዘዴዎች ለታሪክ ይቀመጡ፤ አማርኛም በዚህ ረገድ የተለየ ነገር አይጠይቅም። በቅንነትና በትጋት የተጻፈ ስለሆነ ጸሐፊውን አከብራቸዋለሁ። ከአምስቱ ግን ሁለቱን በግማሽ ብቻ ነው የምቀበላቸው፤ የቀሩት በተለይ በአማርኛ የሚሠሩ ልጆችን ወደ ስህተት ይመራሉ ብዬ ስለምሰጋ ዝም ማለት አልቻልኩም። (የምጠቅሳቸው ዓመቶች ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

ከምቀበለው ልጀምር። ሰው ኮከብ እየቆጠረ ነጥብ መስጠት አይወድም፤ እውነት ነው። ኔትፍሊክስ በ2006 ለውድድር ያቀረበው መረጃ ከ100 ሚሊዮን በላይ ነጥቦች ነበሩበት። 480 ሺህ ያህል ተመልካቾችንና 17,770 ፊልሞችን በሰንጠረዥ ብትደረድሩ ግን ከመቶ ሳጥን የሚሞላው አንድ ያህሉ ብቻ ነው። ዩቲዩብም በ2009 ነጥብ ሰጪው በአብዛኛው አምስት ኮከብ ብቻ እንደሚሰጥ ራሱ አሳውቆ በዓመቱ ወደ አውራ ጣት ዞሯል። ኔትፍሊክስ በ2017 ኮከቦቹን በአውራ ጣት ሲተካ ደግሞ በሙከራው ወቅት ነጥብ መስጠቱ በ200 በመቶ እንደጨመረ ተናገረ። ጸሐፊው ክርክራቸውን ያቆሙት በዚህ ቁጥር ላይ ነው።

ቁጥሩ የሚነግረን ብዙ ሰው ቁልፉን መጫኑን ነው። ከተጫነው ምን ያህል ተማርን የሚለው ሌላ ጥያቄ ነው፤ ኔትፍሊክስም ይህን ያወቀው ይመስላል። በ2022 ሁለት አውራ ጣት የሚል ሦስተኛ ምልክት ጨመረ፤ «ደህና ነው» ያለውን ሰውና «ነፍሴን ነው የሰጠሁት» ያለውን ሰው በአንድ ጣት መለየት ስለማይቻል። ጸሐፊው ታሪኩን 2017 ላይ ባያቆሙት ኖሮ መደምደሚያቸው ሌላ ይሆን ነበር ብዬ አምናለሁ።

ይህም ቢሆን የፊልም ነገር ነው። ፊልሙን ሰውየው አይቶታል፤ ጣቱ የሚያሳየውም ወደ ፊልሙ ነው። በውይይት ውስጥ ግን ጣቱ ወደ ምን እንደሚያሳይ ማን ያውቃል? ወደ ዕቃው? ወደ ዋጋው? ወደ አነጋገሩ? ቦቱ ጫማ አቅርቦ ሴት ደንበኛን «ወደድከው?» ቢላትና ወደ ታች ያለውን ጣት ብትጫን፣ ጫማው ምን አጠፋ? በአማርኛ አንተ፣ አንቺና እርስዎ ሳይለዩ ሰው ማናገር አይቻልም፤ አጠራሩ ሲሳሳት ቅሬታው በጫማው ሒሳብ ላይ ይጻፋል።

ጣት የባሰ ነገር እንደሚያመጣም አይተናል። በኤፕሪል 2025 ኦፕንኤአይ የቻትጂፒቲ ሞዴሉን ጂፒቲ-4ኦን አደሰ። የታደሰው ሞዴል ሰው ያለውን ሁሉ ማጽደቅና ያለ ልክ ማሞገስ ጀመረ፤ ኩባንያውም በቀናት ውስጥ ወደ ቀድሞው መለሰው። በኋላ ባወጣው ማብራሪያ ከጠቀሳቸው ምክንያቶች አንዱ ተጠቃሚዎች የሚሰጡት የአውራ ጣት ምልክት በሥልጠናው ውስጥ እንደ ተጨማሪ ሽልማት (ሞዴሉ «ጥሩ ሠራህ» የሚባልበት ነጥብ) መግባቱና ሽንገላውን ገትቶ ይዞት የነበረውን ዋና መመዘኛ ማዳከሙ ነበር። ዕቃ የሚጠቁም ቦት በዚያው መንገድ ቢሠለጥን ምን ይማራል? ደንበኛውን ደስ የሚያሰኝ ወሬ ማውራት ይማራል። ሰውየው ወደ ቤቱ የሚገባው ግን የማይሆነውን ጫማ ይዞ ነው።

ወደ መጀመሪያው ነጥባቸው፣ ማለትም ድርጊት ከቃል ይበልጣል ወደሚለው ልለፍ። ጸሐፊው ክሊክን፣ የቆይታ ጊዜንና ግዢን የማይዋሹ ምስክሮች አድርገዋቸዋል። ይህ ክርክር ብዙ አማራጭ በአንድ ጊዜ ለሚያሳይ ረጅም ዝርዝር ሊሠራ ይችላል፤ እዚያም ቢሆን በጥንቃቄ። በኮርኔል ዩኒቨርሲቲ ቶርስተን ዮአኪምስና ባልደረቦቹ በ2005 ሰዎች የፍለጋ ውጤት ሲያነቡ የዓይናቸውን እንቅስቃሴ ተከታትለው ነበር። የውጤቶቹን ቅደም ተከተል ገልብጠው ሲያቀርቡላቸውም ሰዎቹ ከላይ ወደተቀመጠው ያደሉ ነበር፤ የተጫኑት ቦታውን አምነው ነው። ይፋን ሁ፣ ይሁዳ ኮረንና ክሪስ ቮሊንስኪ ደግሞ በ2008 ከ300 ሺህ ያህል የቴሌቪዥን መቀበያ ሳጥኖች በተሰበሰበ መረጃ ሲሠሩ፣ ሰው ቻናል ሳይቀይር በተከታታይ የሚተላለፉትን ፕሮግራሞች ሁሉ እንደወደዳቸው መቁጠር ስህተት እንደሆነ አስተዋሉ፤ ተመልካቹ ተኝቶም ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ሰው ምን አደረገ የሚለውንና በዚያ ምን ያህል እንተማመን የሚለውን ለይተው አሰሉ። ድርጊትን በጥሬው ያላመኑት በድርጊት መረጃ ላይ ዋናውን ሥራ የሠሩት ራሳቸው ናቸው።

በውይይት ደግሞ ችግሩ ይጠናል። ቦቱ የሚያቀርበው አንድ ወይም ሁለት ነገር ነው፤ ካልተጫነ ሌላ አማራጭ ስላልነበረ ይሁን፣ ፎቶው ሁሉን ነገር ስለነገረው ይሁን፣ አውቶቡሱ ስለደረሰበት ይሁን አይታወቅም። በድምፅ የሚሠራ ከሆነ ደግሞ የሚጫኑት ነገር ራሱ የለም።

ተጠቃሚው በቂ ቁልፍ አለው፣ የማይፈልገውን ማስቆም ይችላል የሚል ነገርም በመሐል አለ። እዚህ ላይ የፋየርፎክስ ማሰሻ ባለቤት የሆነው ሞዚላ በ2022 ያወጣውን ጥናት ጠቅሼ አልፋለሁ። ከ22 ሺህ በላይ ፈቃደኞች የተሳተፉበት ይህ ጥናት የዩቲዩብ «አልወደድኩትም» ቁልፍ ከማይፈለጉት ጥቆማዎች 12 በመቶውን፣ «አይመለከተኝም» የሚለው ደግሞ 11 በመቶውን ብቻ እንደሚያስቀር አሳይቷል። ቁልፍ መኖሩ አንድ ነገር ነው፤ ቁልፉ የሚከፍተው በር መኖሩ ሌላ።

አሁን ወደ አራተኛው ልሻገር፤ ሦስተኛው ከእሱ ጋር ተያይዞ ይመጣል። የቋንቋ ሞዴሎች ስለመጡ የድሮው ዘዴ አበቃለት ያሉት ነው ከሁሉ ይበልጥ ያሳዘነኝ፤ ምክንያቱም የድሮው ዘዴ እናቶቻችን በየገበያው የሚሠሩበት ነው።

አክስቴን ለጥምቀት ቀሚስ ልትገዛ ሽሮ ሜዳ ወስጃት ነበር። ባለሱቁ ወጣት ልጅ ነው። «እናቴ፣ ይቺን ይዩልኝ» ብሎ ሰፊ ጥለት ያለው ቀሚስ ዘረጋላት። ጥለቱን በጣቷ ዳሰሰች፤ ገልብጣ ጀርባውን አየች። «ታምራለች፤ የሠራት እጅ ይባረክ» አለችና አጥፋ መለሰችለት። ልጁ ቀሚሷን ተቀብሎ «ጥለቱ ሰፋብዎት?» አላት። «ሰፋ የኔ ልጅ፤ ወርቅማውም ለኔ ዕድሜ በዛ።» ከላይኛው መደርደሪያ ጠበብ ያለ አረንጓዴ ጥለት ያለበት አወረደ። «ይቺስ?» «ይቺ ደህና፤ ፈትሏ ግን ሳሳ።» ሦስተኛውን ሲያወርድ ጥለቱ ያው ጠባብ አረንጓዴ፣ ፈትሉ ወፈር ያለ ነበር። ገዛችው።

ልጁ ያደረገውን ልብ በሉልኝ። «ታምራለች» የሚለውን ቃል እንደ ምርጫ አልቆጠረውም፤ መታጠፏን ግን አይቷል። አንድ አጭር ጥያቄ ጠየቀ፤ ጥያቄውም «ምን ይፈልጋሉ?» የሚል ባዶ ጥያቄ ሳይሆን በእጇ ካለው ቀሚስ የተነሳ ነበር። በየዙሩ የተባለውን አንድ ነገር ቀይሮ የቀረውን እንዳለ ጠበቀ። አክስቴም ስትገባ የምትፈልገውን ብትጠየቅ «ደህና ቀሚስ» ከማለት የበለጠ መልስ አልነበራትም። ፍላጎቷን ያወቀችው የማትፈልገው ሲዘረጋላት ነው።

ተመራማሪዎች ይህንን ክሪቲኪንግ ይሉታል፤ ከቀረበው ነገር ተነስቶ ማቃናት ማለት ነው። ሮቢን በርክና ባልደረቦቹ በቺካጎ ዩኒቨርሲቲ የሠሩት አንትሬ የተባለ የምግብ ቤት ጠቋሚ በ1996 በከተማዋ ለተካሄደው የዴሞክራቲክ ፓርቲ ጉባኤ እንግዶች እንዲያገለግል ነበር ድር ላይ የወጣው። እንግዳው በሌላ ከተማ የሚወደውን ምግብ ቤት ይሰይማል፤ ሥርዓቱ በቺካጎ የሚመስለውን ያቀርብለታል፤ ሰውየው ደግሞ «ረከስ ያለ»፣ «ጸጥ ያለ»፣ «ሞቅ ያለ» የመሰሉ ቁልፎች እየተጫነ ያቃናዋል። በ2004 አካባቢ ደግሞ የደብሊን ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ተመራማሪዎች ቁልፎቹን አጣምረው ማቅረብ ጀመሩ፦ ለምሳሌ ለካሜራ ገዢ «ረከስ ያለ፣ ማጉያው ግን ያነሰ» የሚል። ይህ ትልቅ ነገር ነው። ደንበኛው ምን ሲያገኝ ምን እንደሚያጣ ሱቁ ውስጥ ካለው ዕቃ ተነስቶ ይነግረዋልና።

ጸሐፊው፣ ዛሬ ሰው ይህንን ሁሉ በራሱ ቃል ለሞዴሉ መጻፍ ይችላል ይሉናል። ይችላል፤ ይህንን ነው በግማሽ የምቀበለው ሁለተኛ ነጥብ። «ከዚህ ረከስ ያለ» ብሎ መጻፍ ቁልፍ ከመፈለግ ይቀላል። ነገር ግን ባዶ የጽሑፍ ሳጥን ምን ማለት እንደሚቻል አይነግርም። ሰውየው በመጋዘኑ ውስጥ ወፍራም ፈትል ያለው ጠባብ ጥለት መኖሩን ካላወቀ በምን አውቆ ይጠይቀዋል? ሞዴሉ ደግሞ ከመጋዘኑ ጋር በደንብ ካልተያያዘ በሌለ ዕቃ ያባብላል። ተያይዞም ቢሆን ከሦስት ዙር በፊት «ወርቅማ አልፈልግም» መባሉን ረስቶ ወርቅማ ይዞ ሊመለስ ይችላል፤ ይህንን በገዛ ዓይኔ በተደጋጋሚ አይቻለሁ። የድሮው ሥርዓት የተቃናውን ነገር በግልጽ መዝግቦ ይይዝ ነበር። እኔ የምለው የሁለቱ ጋብቻ ይሻላል ነው፦ ንግግሩን ሞዴሉ ይስማው፣ የተባለው ግን «ጥለት፦ ጠባብ፤ ቀለም፦ ወርቅማ ያልሆነ» ተብሎ ተጠቃሚው በሚያየውና በሚያስተካክለው ቦታ ይጻፍ። ሰው ያለው መሰማቱን ካላየ ሁለተኛ አይናገርም።

ጥያቄ ደንበኛን ያሸሻል የሚለውም እዚሁ ይፈታል። ባለሱቁ ልጅ ጠይቋል፤ አክስቴ አልሸሸችም። የሚያሸሸው መጠይቅ ነው፦ ገና ሳይታይ «በጀትዎ? ቀለምዎ? መጠንዎ? ዕድሜዎ?» እያለ የሚያጣድፍ። ኮንስታንቲና ክሪስታኮፑሉ፣ ፊሊፕ ራድሊንስኪና ካትያ ሆፍማን በ2016 ባቀረቡት የምግብ ቤት ጠቋሚ ጥናት ሥርዓቱ ሁለት ጥያቄ ብቻ ጠይቆ ምንም ከማይጠይቀው በ25 በመቶ የተሻለ ውጤት አምጥቷል። ሁለት ጥያቄ! ቁም ነገሩ ጥያቄዎቹ በደንብ መመረጣቸው ላይ ነው።

የመጨረሻው ነጥብ፣ አማርኛ የተለየ ነገር አይፈልግም የሚለው፣ ከሁሉ ይበልጥ የሚነካኝ ነው።

ባለፈው ዓመት ከጓደኞቼ ጋር ለአንድ አነስተኛ የጫማና የቦርሳ ነጋዴ የቴሌግራም ቦት ሠርተን ነበር። ቦቱ ፎቶና ዋጋ ያቀርባል፤ ደንበኛው የመለሰውን ደግሞ «ተቀበለ» ወይም «አልተቀበለም» ብሎ ይመዘግባል። ከሁለት ሳምንት በኋላ መዝገቡን ቁጭ ብዬ አነበብኩት። አንዲት ደንበኛ ቡናማ ቦርሳ ቀርቦላት «እሺ አመሰግናለሁ፣ አስቤበት እመለሳለሁ» ብላ ወጥታለች። ቦቱ «ተቀበለ» ብሏል። ሌላው «አይ ጥሩ ነው» ብሏል፤ «አይ» ስላለበት ቦቱ «አልተቀበለም» ብሎ ጽፏል። «አያስጠላም» ያለው ሰው በአሉታ ተመዝግቧል፤ «ይሁን» ያለችው በአዎንታ። «ይቅር» የሚለው ሦስት ቦታ ነበር፦ አንዱ ያንን ጫማ ይቅር ማለቱ ነው፣ አንዷ ጠቅላላ ግዢውን፣ ሦስተኛዋ ደግሞ የዋጋ ቅናሽ ጠይቃ ያጣችው ናት፤ ቅናሹን ይቅር ብላ ጫማውን ወስዳለች። ቦቱ ሦስቱንም አንድ አድርጎ እንደ እምቢታ ቆጥሯቸው ነበር። በዚህ መዝገብ ላይ ተመሥርቶ ያችው ቡናማ ቦርሳ ለሰው ሁሉ መቅረብ ጀምራለች።

ይህ የሰዋስው ስህተት ብቻ ቢሆን ኖሮ መዝገበ ቃላት አስፋፍቶ ማረም ይቻል ነበር። መሠረቱ ግን ይሉኝታ ነው። የለፋልህን ሰው ፊት ለፊት «አልወደድኩትም» ማለት ነውር ሆኖ ያደግን ሰዎች ነን፤ ለቦትም ቢሆን እጃችን እንዲያ ብሎ አይጽፍም። «አስቤበት እመለሳለሁ» በእኛ ዘንድ የጨዋ እምቢታ ነው፤ ይህንን የማያውቅ የመርካቶ ነጋዴ የለም። ስለዚህ በአማርኛ የሚሰበሰብ ግብረ መልስ ሁልጊዜ ወደ መልካሙ ያዘነብላል። ጸሐፊው እንደሚሉት ቃሉን ትቶ ክሊክ መቁጠር ይህንን አይፈታም፤ ሴትየዋ ፎቶውን አክብራ ከፍታ አይታዋለችና።

እኛ ያደረግነው ትንሽ ነገር ነው። ደንበኛው «እሺ»፣ «ይሁን» ወይም «አስቤበት» ብሎ ሳያዝዝ ሲቀር ቦቱ «ተቀበለ» ማለቱን ትቶ «ያልተስማማዎት ዋጋው ነው፣ ቀለሙ ነው ወይስ ቁመቱ?» ይላል። ጥያቄው ወቀሳውን ከሰው ላይ አንስቶ በዕቃው ላይ ስለሚያደርገው ይሉኝታው ይላላል። በእርስዎ መጠራቱም የአንተና አንቺን ስህተት አስቀረልን። «ቀለሙ ጠቆር ቢል» የሚል መልስ ሲመጣ ማቃናቱ ተጀመረ ማለት ነው፤ ከዚያ ወዲያ ያለው ሥራ የሽሮ ሜዳው ልጅ ሥራ ነው። ከዚህ በኋላም የሚሳሳትበት አለ፤ «ጠቆር ቢል» ሲባል ጥቁር አምጥቶ «ጠቆር አልኩ እንጂ ጥቁር መች አልኩ» የተባለበትን ቀን አስታውሳለሁ። ያ ግን ሊታረም የሚችል ስህተት ነው፤ ምን እንደተሳሳተ ደንበኛው ራሱ ነግሮናል።

ጸሐፊው በቀጣዩ ክፍል በድምፅ ስለሚነጋገሩ ጠቋሚዎች እንደሚጽፉ ቃል ገብተዋል። ከመጻፋቸው በፊት አንድ ነገር እንዲሞክሩ በአክብሮት እጠይቃቸዋለሁ። ስልካቸውን ድምፅ እንዲቀዳ ከፍተው አንዲት እናት አጠገብ ይቀመጡና «ይቺ ትሻላለች አይደል?» ብለው ይጠይቋት። ብዙ ጊዜ የሚያገኙት መልስ ቃል አይሆንም፤ ወደ ውስጥ የተሳበች አጭር ትንፋሽና ከፍ ያሉ ቅንድቦች ናቸው። ለእኛ ይህ ሙሉ «አዎ» ነው። ቀረጻውን ወደ ጽሑፍ ለሚቀይር ማንኛውም ፕሮግራም ይስጡትና በዚያች ቅጽበት ላይ ምን እንደጻፈ ያሳዩን።